የጋሽ ኤርሲዶ ባርኔጣ የጠበበበት ሳምንት

ባርኔጣ አጥቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ይህን ተናግሬ ልገላገል። በጊዜው ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ባልኖረኝ ነበር።

አልማዝ እባላለሁ። ሆሳዕና ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ላውንደሪ አለችኝ። አባቴ ከሸዋ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ስለሆነ በአማርኛውም በሀዲይኛውም እኩል እሳደባለሁ። እሳደባለሁ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ ያኔ ምላሴ የታወቀ ነበር። ደንበኛ "ቁልፍ ጎድሏል" ብሎ ቢመጣ "ሲመጣም አልነበረውም" እለዋለሁ። "አልጸዳም" ቢለኝ "ዓይንህን ታከም" እለዋለሁ። ሥራዬን ስለማውቅ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበርኩ። ክፋቱ፣ ትክክል ባልሆንኩም ጊዜ አነጋገሬ ያው ነበር። ባለቤቴ ታምራት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ "አልሚ፣ 'አጠፋሁ' የምትል ቃል ከአፍሽ ሰምቼ አላውቅም" ሲለኝ "ሳላጠፋ ምን ልበል?" ነበር መልሴ።

ነገሩ የሆነው አምና ጥር ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቄን ከፍቼ የመጀመሪያውን ልብስ ማሽን ውስጥ እየከተትኩ ሳለ ጋሽ ኤርሲዶ ገቡ። ጋሽ ኤርሲዶን በእኛ አካባቢ የማያውቃቸው ሰው የለም። የጃጁራ ሰው ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ። ጠብ ካለ፣ ከጊምቢቹ እስከ ሆሳዕና ድረስ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ የሚታወቁት ደግሞ በባርኔጣቸው ነው። ግራጫ ናት። ክፈፏ ከፊት ለፊት ትንሽ ዘንበል ያለ፣ አናቷ በቁመቷ የሰረጎደ፣ ከፊት በሁለት ጣት ቆንጠጥ የተደረገች የምትመስል፣ ዙሪያዋን ሰፊ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረባት። እውነቱን ለመናገር እኔ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሽማግሌዎችን ሳይ "ደግሞ ፀሐይ በሌለበት!" የምል ሰው ነበርኩ። የእሳቸውን ስታዩ ግን እንዲህ አትሉም። ባርኔጣዋ ዓይናቸው ላይ ጥላ ትጥልና የሚያስቡትን ትደብቃለች፤ ሰላም ሲሏችሁ ደግሞ ክፈፏን በሁለት ጣት ነካ ያደርጓታል፣ ያኔ ትልቅ ሰው ሰላም ያላችሁ ይመስላችኋል። ቀበሌ ለጉዳይ ሲገቡ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ መንገድ ሲለቅላቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

"አልማዝ፣ ይቺን አጽጂልኝ" አሉና አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ በአናቷ ገልብጠው አስቀመጧት። "ቅዳሜ ጊምቢቹ እርቅ አለብኝ። ላብም አቧራም ጠጥታለች። እንዲህ ሆና ያዘነ ሰው ፊት ባስቀምጣት ንቀት ነው።"

"የእዮብ ነገር ነው ጋሼ?"

"እሱ ነው።"

እዮብ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ባለቤቴ አስተምሮታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከትምህርት ቤት ወደ ጊምቢቹ ሲመለስ መንገድ ዳር ሚኒባስ ገጭቶ ገደለው። ሾፌሩ ደሳለኝ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ቤቱ ከእዮብ ወላጆች ቤት ብዙ አይርቅም። ፍርዱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ግን ወደ ቤቱ መግባት አልቻለም። በእኛ ዘንድ እርቅ ሳይወርድ ገዳይ የሟች ቤተሰብ ባለበት ቀዬ አይገባም። አዲሎ ሄዶ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይለጥፍ ነበር፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እዚያው ጊምቢቹ ያለ እሱ ይኖራሉ። የእዮብ አባት አቶ ላምቤቦ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። ጋሽ ኤርሲዶ አራተኛው ነበሩ። እሳቸውን ከመለሱ ሌላ የሚሞክር ሰው እንደማይኖር አገሩ ሁሉ ያውቃል።

የባርኔጣዋ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ሁሉ የየራሱ ደንብ አለው፤ የጋሽ ኤርሲዶ ደንብ እሷ ነች። ንግግሩ ሁሉ ሲያልቅ ባርኔጣቸውን ያወልቁና የተበደለው ሰው እግር አጠገብ መሬት ላይ ያስቀምጧታል። ከዚያ ባዶ ራሳቸውን ሆነው ይጠብቃሉ። ሰውየው አንስቶ መልሶ ራሳቸው ላይ ካደረገላቸው እርቁ ወረደ። ካላነሳት እሳቸውም እዚያው ጥለዋት ይሄዳሉ እንጂ አያነሷትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳትነሳ የቀረችበት ጊዜ አልነበረም።

"ልጄ፣ እሷ ለስላሳ ብሩሽ ነው የምትፈልገው፤ ውሃ ብዙም..." ብለው ሊያስረዱኝ ጀመሩ።

"ጋሼ!" አልኳቸው፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ። "እኔ ጃጁራ መጥቼ እርቅ አስተምርዎታለሁ እንዴ?"

ሳቁ። ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

ሐሙስ ዕለት ባርኔጣዋን አነሳሁ። ስነካት ሱፍ መሰለችኝ። እኔ ደግሞ የከተማውን ብርድ ልብስና ጋቢ በሙሉ በሙቅ ውሃ ነው የማጥበው፤ ነጭ ጋቢ ከእኔ ቤት ሲወጣ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ምንም። ማሽን ውስጥ ከተትኳት፣ ሙቁን ከፈትኩት፣ ሄጄ ሌላ ልብስ ተኮስኩ።

ማሽኑ ቆሞ ስከፍተው መጀመሪያ ሌላ ዕቃ መሰለችኝ። አናቷ ተሰብስቧል፣ ክፈፏ ተሸብሽቦ ወደ ላይ ቀንቷል፣ ሰውነቷ ወፍሮ ደርቋል። ለስድስት ዓመት ልጅ ራስ አትበቃም። "ኧረ በስማም!" ብዬ ጮህኩ፤ ደግነቱ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ያን ቀንና ዓርብን ያላደረግሁት የለም። ብረት ድስት ገልብጬ እላዩ ላይ ልለጥጣት ሞከርኩ። በካውያ እንፋሎት ነፋሁባት። በጉልበቴ ይዤ ስስብ ጥብጣቡ ተቦጭቆ እጄ ላይ ቀረ፣ እሱን መልሼ በመርፌ ሰፋሁት። ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄጄ የምትመስላት ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የኳስ ቡድን ኮፍያ ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት ታምራት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ድስቷ ላይ ተጎንብሼ አገኘኝ።

"ደውይላቸው" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"አበላሸሁት ብለሽ ነዋ።"

"እሳቸው የጃጀች ባርኔጣ ይዘው መጥተው እኔ ነኝ ያበላሸሁት?"

ውሸቱ የተወለደው እዚያች ላይ ነው። ለራሴ መከላከያ ብዬ ያመጣሁት ነገር ሲሰማ ደስ አለኝና ያዝኩት። አርጅታ ነው። ያረጀ ሱፍ ይጠባል። ማን ያውቃል? ታምራት አየኝና ወጣ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ኤርሲዶ መጡ። ውጭ ሦስት ሽማግሌዎችን የያዘ የኮንትራት ሚኒባስ ቆሟል። ባርኔጣዋን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው። አወጧት። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ዞር አደረጓት። እኔ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ይቺ በጣም አርጅታ ነበር። ያረጀ ሱፍ ውሃ ሲያገኝ ራሱ ይሰበሰባል። እኔ በቀዝቃዛ ነው ያጠብኳት፣ በእጄ፣ ቀስ ብዬ። ያው ዕድሜዋ ነው።"

"እንዲህ ነው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ባርኔጣዋን ብብታቸው ሥር አድርገው "መኪናው ላይ አንድ ቦታ አለን" አሉ። "የልጁን ልቅሶ አልደረስሽም። ባልሽ አስተማሪው ነበር፤ እናትየው ብታይሽ ደስ ይላታል። ነጠላሽን ያዢና ነይ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን የዋሸ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ሱቄን ዘጋሁ።

መኪናው ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ባዶ ራሳቸውን ከቅርብ ሳያቸው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ግንባራቸው ደግሞ ባርኔጣዋ ታርፍበት የነበረው ቦታ ላይ በሁለት ተከፍሏል፤ ከታች ፀሐይ ያጠቆረው፣ ከላይ ፈካ ያለው። ባርኔጣዋ ጉልበታቸው ላይ ነች። ከኋላ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ "ዘንድሮ ሙሽሮቹም ለፎቶ ይቺን ማድረግ ጀምረዋል፤ ዘመናዊ ነው ይሉኛል" ብለው ሳቁ። ጋሽ ኤርሲዶም ፈገግ አሉና፣ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ ሳላውቅ፣ ማውራት ጀመሩ።

"የገዛኋት የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው። ሸንኮራ ቆረጣ ሄጄ ከርሜ፣ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባ ገባሁ። ፒያሳ አንድ አርመን ሽማግሌ ባርኔጣ ይሸጥ ነበር። መስታወት ፊት አቁሞኝ አደረገልኝ። በሕይወቴ ራሴን እንደዚያ አይቼ አላውቅም። 'ከጣሊያን አገር ነው የመጣችው' አለኝ፤ ውስጧ ያለው ቆዳ ላይም በወርቅማ ፊደል ተጽፎ ነበር። 'ይሄ ጨርቅ አይደለም' አለኝ ደግሞ። 'ሸማኔ አልነካውም፣ ክር የለውም። የጥንቸል ጠጉር ነው።' ጠጉሩን ሰብስበው በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ይጠቀጥቁታል፤ በጠቀጠቁት ቁጥር ይሰበሰባል፣ ይጠባል፣ ይጠነክራል። መጀመሪያ ጆንያ የሚያህለው መጨረሻ ላይ የሰው ራስ ያክላል። ያኔ በእንጨት ቅርጽ ላይ አድርገው ያበጁታል። 'ስለዚህ' አለኝ አርመኑ፣ 'ከዝናብ አትፍራላት፤ ሙቅ ውሃ ግን አታሳያት። ሙቅ ውሃ ካየች ሥራው ያላለቀ መስሏት መሰብሰቧን ትቀጥላለች።'"

ጋሽ ኤርሲዶ ቀና ብለውም አላዩኝም፤ በመስኮቱ በኩል እንሰቱን እያዩ ነው የሚያወሩት። ያወቁት ገና ሱቄ ውስጥ ወደ ብርሃኑ ሲያዞሯት ነው። ዓይኔ እያየ ዋሽቻቸው፣ ዓይናቸው እያየ ዝም ብለውኛል። አሁን ልናገር ይሆን ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከኋላችን ሦስት ሰዎች አሉ። ዘጋሁት።

"አገሬ ስገባ" ብለው ቀጠሉ፣ "ባርኔጣ የሚያደርገው ባላባትና ዳኛ ነበር። እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። የባላባቱ ሰው ገበያ መሀል አቁሞኝ 'አውልቅ' አለኝ። አወለቅሁ። ደርግ መጣ፤ መሬት ለኛ ሆነ፣ ደስ አለን። ባርኔጣዬን አውጥቼ ባደርግ ካድሬው 'ይሄ የፊውዳል ነው፣ አውልቅ' አለኝ። አወለቅሁ። በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ደርግ እስኪወርድ ድረስ ቆጥ ላይ ደበቅኋት። ከዚያ ዘመኑ ሲያልፍ አድርጌያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ጸሎት ሲጀመር ሳላስበው እጄ ሄዶ አወለቃት። ያን ቀን ማንም አላዘዘኝም። አየሽ፣ ሰው አውልቅ ሲልሽ ውርደት ነው፤ በራስሽ እጅ ስታወልቂው ግን ሌላ ነገር ነው። እርቅ ላይ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።"

ጊምቢቹ ደረስን።

የአቶ ላምቤቦ ግቢ ሰፊ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ሳሩ ላይ ተደርድረዋል። በአንድ በኩል የእዮብ ቤተሰብ፣ በሌላ በኩል የደሳለኝ ወገኖች ተቀምጠዋል። ደሳለኝን ከአዲሎ አምጥተውት ከወገኖቹ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ ከሲታ ነው፣ ዓይኑን ከሳሩ አያነሳም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከእዮብ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። የታምራት ሚስት መሆኔን ስነግራቸው እጄን ያዙና አልለቀቁኝም።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ሽማግሌዎቹ በየተራ ተናገሩ፣ ተለመነ፣ ስለ እግዚአብሔር ተባለ። አቶ ላምቤቦ ክንዳቸውን አጣጥፈው ሰሙ። የገበሬ ትከሻ ያላቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ጋሽ ኤርሲዶ ተነሱና ከብብታቸው ሥር ባርኔጣዋን አውጥተው አቶ ላምቤቦ እግር ሥር አስቀመጧት።

ሳሩ ላይ ይበልጥ አነሰች።

አቶ ላምቤቦ ወደ ታች አዩ። "ጋሽ ኤርሲዶ፣ ባርኔጣዎ የት አለ?"

"ይኸው።"

"ይሄማ የልጅ ነው። የእርስዎን አውቃታለሁ። ወንድሜ የታረቀ ጊዜ በእነዚህ እጆቼ አንስቼ ያለበስኩዎ እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ዋናዋን ቤት ትተው መጡ? ላምቤቦ እምቢ ቢል፣ ወድቃ ብትቀር የማታሳዝን መርጠው ነው? ለሌላው ሰው ደም ትልቋ፣ ለኔ እዮብ ይቺ?"

ጋሽ ኤርሲዶ አንገታቸውን ደፉ። ተናገሩ እንጂ! አልኩ በልቤ። አልማዝ በሙቅ ውሃ ቀቅላብኝ ነው ይበሉ! አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። አልተናገሩም።

"በቃ" አሉ አቶ ላምቤቦ፣ ተነሱ። "እዚህ ድረስ ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን ልጅ መልሳችሁ ውሰዱት።" ፊታቸውን ወደ ቤታቸው አዞሩ። የእዮብ እናት እጄን አጥብቀው ጨመቁት። ከማዶ የደሳለኝ ሚስት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ቆሜ ራሴን አገኘሁት፣ ነጠላዬ መሬት ወድቋል።

"አቶ ላምቤቦ! እኔ ነኝ!" አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። "ባርኔጣዋ እሷው ነች። እኔ አጣቢ ነኝ፣ ሆሳዕና። ለእርስዎ ክብር ብለው ነው እንዳጸዳት የሰጡኝ። ሊነግሩኝ ሲሉ አላዳመጥኳቸውም። በሙቅ ውሃ አጥቤ አበላሸኋት።"

ዞሩ። "እሳቸው ለምን አልተናገሩም?"

"ስለዋሸኋቸው። አርጅታ ነው የጠበበችው ብዬ ዋሸኋቸው። ማወቃቸውንም አውቄያለሁ። አጠፋሁ።"

"ለባርኔጣ ብለሽ ዋሸሽ?"

"ፈርቼ ነው።"

"እሳቸውን?"

"አይደለም" አልኩ፣ እንባዬ መጣ። "ሥራዋን የማታውቅ እንዳልባል።"

ይህን ያህል ሰው ፊት ተዋርጄ አላውቅም። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። አቶ ላምቤቦ አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። ያኔ ከማዶ ካሉት ወገኖች ኋላ አንድ ሰው ሲነሳ ሰማሁ።

ደሳለኝ ነበር። ወገኖቹን አልፎ መጥቶ ባርኔጣዋ አጠገብ ተንበረከከ።

"ፍሬኑ ደህና ነበር" አለ።

ወንድሙ "ደሳለኝ፣ ዝም በል!" ብሎ ጮኸበት። ለፖሊስም፣ ለፍርድ ቤትም፣ ሦስት ጊዜ ለተላኩት ሽማግሌዎችም ያለው አንድ ነገር ነበር፤ ፍሬን እምቢ አለኝ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

"ፍሬኑ ደህና ነበር" አለ ደግሞ። "ስልክ እያናገርኩ ነበር። አላየሁትም።"

"ማንን ነበር የምታናግረው?" አሉ አቶ ላምቤቦ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

"ሚስቴን። ስመለስ ምን ይዤ ልምጣ ብዬ እየጠየቅኋት ነበር።"

አቶ ላምቤቦ ቤታቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ። እርቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ በልቤ፤ ዝም ብዬ ቁጭ ብል ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ኤርሲዶ ግን ካሉበት አልተንቀሳቀሱም፤ ፀሐዩ በባዶ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። ዣንጥላ ሊይዝላቸው የመጣውን ሰው በእጃቸው መለሱት።

ከዚያ የእዮብ እናት ከአጠገቤ ተናገሩ። ጮክ ብለው አይደለም። "ልጄ ሲወድቅ ነፍሱ ነበረች?"

ደሳለኝ ቀና አለ። "ነበረች። አቅፌው ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር። 'ደብተሬ ረጠበ ወይ?' አለኝ። 'አልረጠበም' አልኩት። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።"

"ብቻውን አልነበረም" አሉ እናቱ። ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም፤ "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚል ሰው ስለ ደብተሩ ሊነግራቸው አይችልማ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ላምቤቦ ፊታቸውን ታጥበው ወጡ። ደሳለኝ ፊት ቆሙ።

"ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለስኩት" አሉ፣ "ጠላሁህ ብዬ አይደለም። መጥላቱንማ ጠልቼሃለሁ። ግን ፍሬን እንዴት አድርጌ ይቅር እላለሁ? ብረት ነው። ይቅር የምለው ሰው አጣሁ። ነገም ያመኛል፣ ከነገ ወዲያም ያመኛል። አልዋሽህም። አንተ ግን ወደ ልጆችህ ግባ።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ባርኔጣዋን አነሱ፣ ሳሯን አራገፉና ጋሽ ኤርሲዶ ራስ ላይ አደረጓት። አልገባችም። አናታቸው ላይ ጉብ ብላ ቀረች። ጋሽ ኤርሲዶ እንዳትወድቅ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ኮስተር ብለው ቆሙ። የእዮብ እናት እንባቸውን እየጠረጉ ቀና አሉና አዩአቸው፤ ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁና አፋቸውን ያዙ፣ እንደገና ሳቁ። አቶ ላምቤቦ ሚስታቸውን አዩ። እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ሳቁና ለቅሶው ተደባልቆ እስኪበርድ ድረስ ለጸሎት የተነሳው ሰው ቆሞ ጠበቀ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ "ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው። "አንድ ቃል ቢናገሩ ያን ሁሉ ቁጣ አይሰሙም ነበር። እርቁም ሊፈርስ ነበር እኮ።"

"ሊፈርስ ነበር" አሉ። "እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ልጄ፣ እኔ ብናገር አንቺን ከሰስኩ ማለት ነው። ሰው ከስሼ እርቅ አላወርድም።"

"ባልናገርስ ኖሮ?"

"ባርኔጣዬ ጊምቢቹ ትቀር ነበር" አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አልማዝ መልአክ ሆነች እንዳይመስላችሁ። ምላሴ አሁንም አለ፤ ታምራትን ጠይቁት። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ አጠፋሁ ማለት ሰው እጅ መውደቅ ይመስለኝ ነበር። ደሳለኝ ሁለት ዓመት፣ እኔ ሁለት ቀን፣ አንድ ዓይነት ነገር ተሸክመን ነበር፤ እሱ በፍሬን፣ እኔ በባርኔጣ ዕድሜ ተከልለን። የእኔ ቀላል ነበር፣ የእሱ የሰው ነፍስ ነው፤ አላወዳድረውም። ግን ውሸቱ ራሳችንን የሚጠብቅልን እየመሰለን ሌላ ሰው ደጅ ላይ ድንጋይ ሆኖ መቀመጡን አላየንም። እናትየው ልጃቸው ብቻውን እንዳልሞተ ሳያውቁ ስንት ሌሊት አድረዋል። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ከእናንተ ወዲያ ማን እየጠበቀው እንደሆነ አስቡት። እኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ ዛሬ ቡናማ ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ነው። ያምርባቸዋል። እርቅ ሲጠሩ ግን ትንሿን ይዘው እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ፤ መሬት ላይ ሲያስቀምጧት የማያውቃት ሰው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ታሪኩን ይነግራሉ። ስሜን ይጠሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ከፈቀድሽ ነው" አሉኝ። ይጥሩት አልኳቸው።

እኔም ባርኔጣ ማጽዳት ተምሬያለሁ፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ክፈፉን እንጂ አናቱን ሳይዙ። ሰው ባርኔጣ ይዞ ሱቄ ሲገባ፣ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያስቀምጠው፣ "አንዱን በሙቅ ውሃ አበላሽቻለሁ፣ ባለቤቱንም ዋሽቻለሁ" እለዋለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ ይዞ ይመለሳል። ብዙው ግን ትንሽ ያስብና ይሰጠኛል።